ወደን ነው የወጣነው

በዚያ መንገድ ከኖሩት ሰዎች መካከል ተባሮ የወጣ አንድም ሰው የለም። ሁሉም ወዶ ነው የወጣው። ቢያንስ ሲጠየቅ የሚለው እንደዚያ ነው። ጫማ ሠሪውን አከራዩ ከነመዶሻው አውጥቶ መንገድ ላይ ሲጥለው፣ ሰውዬው በተገለበጠ ሳጥኑ ላይ ተቀምጦ ለወጪ ወራጁ ሁሉ «ፀሐይ ልሙቅ ብዬ ነው» ይል ነበር። በማግስቱ ዕቃውን በጋሪ ጭኖ ሲሄድም «እዚህ ጥላው በዛብኝ» ብሎ ተሰናበተ። ሚስቱ በር የዘጋችበት ሹፌር ደግሞ ደረጃ ላይ ኩርምት ብሎ አድሮ ጠዋት ሲያገኙት «ውስጥ ይሞቃል» አለ። ጊዜው ብርድ ነበር፤ ይህን ያለው ጥርሱ እየተንገጫገጨ ነው። ማንም አልሳቀበትም። በዚያ መንገድ እንዲህ ያለው ነገር ውሸት አይባልም። ሰው ገበናውን የሸፈነበት ጨርቅ ነው፤ የሰው ጨርቅ ደግሞ አይገለጥም።

ለዚህ ሕግ ከማንም በላይ ዘብ የቆመችው እትዬ ጥጥ ነበረች።

እትዬ ጥጥ ፍራሽ ሰፊ ናት። ስሙን ያወጣላት ሰፈሩ ነው፤ ጠዋት ታጥባ ተበጥራ ብትወጣም እኩለ ቀን ሳይደርስ ፀጉሯ ላይ፣ ቅንድቧ ላይ፣ አንዳንዴም ሻይዋ ውስጥ ጥጥ አይጠፋም። ሥራዋ የሰው መኝታ ቤት ድረስ ያስገባታል። ፍራሹን ትተረትራለች፤ የተቋጠረውን ጥጥ አውጥታ ግቢ ውስጥ ፀሐይ ታስመታዋለች፤ እስኪነፋ ድረስ በቀጭን ዱላ ትደበድበዋለች፤ ከዚያ መልሳ ጠቅጥቃ ክንድ በሚያህል መርፌ ከዳር እስከ ዳር ትወጋዋለች። ከመተርተሯ በፊት ግን ሁልጊዜ እጇን ፍራሹ ላይ አሳርፋ ትዳብሰዋለች። ባልና ሚስት ከተኮራረፉ መሃሉ ጉብ ብሎ ዳርና ዳሩ ይጎደጉዳል። በሽተኛ የተኛበት ደግሞ በአንድ ጎኑ ብቻ ያልቃል። የማን ቤት ደስ እንዳለው፣ የማን ቤት እንደከፋው እጇ ያውቃል፤ አፏ ግን ተናግሮ አያውቅም። «የሰው ፍራሽ የሰው ሆድ ነው» ትላለች፤ ቀጥላም ወሬ ልታወጣጣ የመጣችውን ጎረቤት ዱላ አስይዛ ጥጥ ታስደበድባታለች።

እናቷ ስትሞት ወንድሟ ገና ድክ ድክ ይል ነበር። እሷም ልጅነቷን ያልጨረሰች ልጅ ነበረች፤ ያን ቀን ግን ጨረሰችው። ጥጥ ክምር ላይ እያስተኛችው፣ መርፌ እንዳይወጋው አንድ ዓይኗን እሱ ላይ አንድ ዓይኗን ስፌቱ ላይ አድርጋ አሳደገችው፤ አስተማረችው። ለትዳር የጠየቃት ሰው መጥቶ ነበር፤ «ልጁን ለዘመድ ስጪውና እንጋባ» ቢላት ሰውየውን ራሱን ሸኘችው። ምነው ሲሏት «ቁመቱን አልወደድኩለትም» አለች። ሰውየው ሎጋ፣ ዘለግ ያለ፣ መንገዱ ሁሉ ዞሮ የሚያየው ሰው ነበር። ጎረቤቶቿም «እውነትሽን ነው፣ አጠር ይላል» አሏት።

ወንድሟን ሰፈሩ «ትንሹ» ይለዋል። ዛሬ ትንሹ ቦርጩ ቀድሞት በር የሚገባ የቢሮ ሰው ነው፤ ስሙ ግን አልለቀቀውም። እሱም እሷን «እታለም» ይላታል። በዚህ ዓለም እንደዚያ ብሎ የሚጠራት እሱ ብቻ ስለሆነ፣ በዚያ ድምፅ ከተጠራች የያዘችውን ጥላ ነው የምትነሳው።

መንገዱ የተለቀቀው በአንድ ሰሞን ነው። የእድሳት ቢሮ ሰዎች ድምፅ ማጉያ ይዘው መጡና፣ ቤቶቹ የጥንት ቅርስ እንደሆኑ፣ እንዳይናዱ መጠገን እንዳለባቸው፣ ነዋሪው ለጊዜው ተነስቶ ሲታደስ እንደሚመለስ ተናገሩ። ተነሱ አሉ፣ ቀጥሎ ደግሞ አሁኑኑ ተነሱ አሉ፤ ያልተነሳውን ክንዱን ይዘው አስነሱት። እትዬ ጥጥ በጥጥ ጆንያዎቿ ላይ ቁጭ ብላ ጋሪ ላይ ስትወጣ ዓይኗ ደርቆ ነበር። «ወዴት ነው?» ላላት ሁሉ «ሰፊ ቤት አግኝቼ ነው» አለች። ሰፊ የተባለው ቤት ከከተማው ጫፍ ያለ አንድ ክፍል ነው፤ ፍራሽ ከተዘረጋበት እሷ በር ላይ ቆማ ነው የምትሰፋው። ሌላውም እንደሷ ተበታተነ፤ ፀጉር አስተካካዩ ወደ አንዱ ዳርቻ፣ ሰዓት ሠሪው ወደ ሌላው፣ የግድግዳ ጎረቤቷ ልብስ አጣቢዋ የት እንደገባች እንኳ ሳይታወቅ።

ከዚያ ወዲህ እትዬ ጥጥ የምትመኘው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ መመለስ። የምታልመውም፣ አውቶቡስ ውስጥ ለማታውቀው ሰው የምታወራውም ስለዚያ መንገድ ነበር።

ስለዚህ ትንሹ አንድ ቀን እጁን የሚያህል የድምፅ መቅረጫ ይዞ ሲመጣ ልቧ ዘለለ። የእድሳት ቢሮው ውስጥ እንደሚሠራ ታውቃለች።

«እታለም፣ እድሳቱ እያለቀ ነው» አላት። «በየቤቱ ማን ይኖር እንደነበር ማወቅ እንፈልጋለን። ሰዎቹን ፈልጎ ማግኘት፣ ድምፃቸውን መቅረጽ። እኔ ብቻዬን ብሄድ በር አይከፍቱልኝም፤ ለአንቺ ግን ይከፍታሉ።»

«ሊመልሱን ነው?»

«ማን የት ይኖር እንደነበር ሳያውቁ ማንን ይመልሳሉ?»

እትዬ ጥጥ ይህን እንደ አዎንታ ቆጠረችው። እናት ብትሆን ኖሮ ምናልባት ትጠራጠር ነበር፤ እህት ሆና ያሳደገች ሰው ግን ያሳደገችውን መጠርጠር ራሷን መጠርጠር ይመስላታል። ሻርፗን አገልድማ በዚያው ቀን ተነሳች።

ሰው ፍለጋው እንዲህ ነበር። ፀጉር አስተካካዩን በወንበሩ አገኘችው፤ ያ ሲዞር የሚጮኸው፣ ክንዱ የተቀጠቀጠ ወንበር የት እንዳለ ሹፌሮችን ስትጠይቅ አንዱ «ወንበሩ ጮኸብኝ እንጂ ሰውየው አልላጨኝም» ብሎ አመለከታት። ሰዓት ሠሪው ልጁ ቤት ተጠግቶ ነበር፤ እትዬ ጥጥ ገብታ ፍራሹን ዳበሰችና ሌሊት እንደማይተኛ አወቀች፤ ዳሩ ላይ ብቻ ነበር የጎደጎደው፣ ቁጭ የሚል ሰው ፍራሽ። «እዚያ ብሆን እተኛ ነበር» አላት በሹክሹክታ፣ ምራቱ እንዳትሰማ። «ልንመለስ ነው፤ ትተኛለህ» አለችው። እንዲህ እያለች አንዱ አንዱን እየጠቆማት፣ የመንገዱን ሰው ከየተበተነበት ለቀመችው። ተስፋዋም በየቤቱ ሄደ፤ ደጃፍ ላይ ሲሸኟት «አደራ እትዬ ጥጥ» ይሏት ነበር።

መቅረጫው ሲከፈት ግን አንድ ነገር ያስጨንቃት ጀመር። ይህ ድምፅ መንገዱ ላይ በሚከፈተው መታሰቢያ ውስጥ ሰው ሁሉ የሚሰማው ነው ብሏታል ትንሹ። ስለዚህ እያንዳንዱን አስቀድማ ትመክራለች። «ቀና በሉ። ለማያውቀን ሰው እንባችንን አናሳይም። ወደን ነው የወጣነው በሉ፤ እንደ ልማዳችን።» ልማዳቸው ነውና አላስቸገሯትም። ፀጉር አስተካካዩ «ደንበኛ ስለበዛብኝ ሰፋ ወዳለ ቦታ በፈቃዴ ሄድኩ» አለ፤ በዚያ ሰሞን ደንበኛው ዝንብ ብቻ ነበር። ሰዓት ሠሪው «ልጄ ናፍቆኝ ነው የለቀቅሁት፤ ማንም ያስገደደኝ የለም» አለ፤ ምራቱም ከጓዳ ሆና ሳቀች። እትዬ ጥጥም ራሷ ተራዋ ሲደርስ ጉሮሮዋን ጠርጋ «ሰፊ ቤት አግኝቼ፣ ወድጄ ወጣሁ» ብላ ተቀረጸች። ትንሹ ዝም ብሎ ይቀርጻል፤ ራሱን ይነቀንቃል፤ «በጣም ጥሩ» ይላል።

ልብስ አጣቢዋ የተገኘችው ከሁሉም በኋላ ነው። ጋራዥ ጀርባ ባለች ክፍል ውስጥ ትኖር ነበር፤ ውሃ በባልዲ ከሩቅ ትቀዳለች። ከእትዬ ጥጥ ጋር ተቃቅፈው ብዙ ቆዩ። በአንድ ግቢ አንድ የውሃ ገንዳ ሲጋሩ የኖሩ ናቸው፤ አንዷ ጥጧን ስታሰጣ ሌላዋ ልብሷን እያሰጣች በፀሐይ የተጣሉ፣ በፀሐይ የታረቁ። ትንሹ መቅረጫውን ከፈተ። ሴትየዋ ምክር አልጠበቀችም።

«ወድጄ አይደለም የወጣሁት» አለች። «ገፍተው ነው ያወጡኝ። የሰው ልብስ ገንዳ ውስጥ እንደተነከረ። ሁለት ወንዶች ናቸው ክንዴን የያዙት። እጄ ላይ ሳሙና ነበረ፤ ስለሚያንሸራትታቸው አጥብቀው ያዙኝ። ለመንኳቸው። ልጥበው፣ ላለቅልቀው ብቻ ብዬ ለመንኳቸው...» አለችና እንባዋ መጣ፤ ቀሪው ቃሏ በለቅሶ ተዋጠ።

እትዬ ጥጥ ለራሷ ያላፈረችውን ያህል ለጎረቤቷ አፈረች። ጓደኛዋ ራቁቷን መንገድ ላይ የቆመች መሰላት።

«አንቺ፣ ምን ነካሽ?» አለቻት። «ይሄን እኮ መንገደኛው ሁሉ ሊሰማው ነው! ተገፈተርኩ፣ ለመንኩ ትያለሽ?»

«እውነት ነዋ!»

«እውነት መሆኑ ለማን ጠፋው? እኛ እናውቀዋለን፣ ይበቃናል። ስንመለስ ግቢያችን ገብተን እኩል እናለቅሳለን፤ አሁን ግን አንገትሽን ቀና አድርጊ።» ወደ ወንድሟ ዞረች። «ትንሹ፣ ያንን አጥፋውና እንደገና ያዝ።»

ትንሹ ጣቱን ማጥፊያው ላይ አድርጎ ቆየ። ቀና ብሎም አያት።

«እርግጠኛ ነሽ እታለም?»

«አጥፋው አልኩህ እኮ!»

አጠፋው። ልብስ አጣቢዋ አፍንጫዋን በመቀነቷ ጠርጋ፣ እንደ ትምህርት ቤት ልጅ ቀጥ ብላ ተቀምጣ «ውሃው ስለራቀኝ ወድጄ ነው የወጣሁት፤ ማንም አልነካኝም» አለች። ከዚህ በኋላ እትዬ ጥጥ እፎይ ብላ እጇን አጨበጨበች፤ አሞገሰቻትም።

ቀኑ ደረሰ። መንገዱ ሲከፈት ለቀድሞ ነዋሪዎች ጥሪ ተላከና፣ ያልመጣ የለም። ፀጉር አስተካካዩ የወንበሩን መቀመጫ አዲስ ጨርቅ አልብሶት እንደሚመጣ አውርቶ ነበር፤ ሰዓት ሠሪው ልብሱን በአንዲት ሻንጣ ከትቶ መጣ፤ ልብስ አጣቢዋ አዲስ የልብስ ገመድ ጠቅልላ በእጇ ይዛለች። እትዬ ጥጥ መርፌዋን በጨርቅ ጠቅልላ ኪሷ ውስጥ ከታለች። እድሳቱ ያምራል፤ ማማር አንሷቸው አያውቅም ቤቶቹ። ግድግዳው ታጥቧል፣ የእንጨት ሰገነቱ ተቀብቷል፣ ጠፍጣፋው ድንጋይ ተለቅሞ ተነጥፏል። በመንገዱ አፍ ላይ ግን በር ቆሟል፤ በሩ ላይ ደግሞ ዘበኛ። ሰዓት ሠሪውን ሻንጣ ይዘህ አትገባም ብሎ ሻንጣውን በር ላይ አስቀረው።

እትዬ ጥጥ ወደ ቤቷ ገባች። በሯ ላይ ገመድ ተወጥሯል፤ ከገመዱ ወዲያ አልጋ አለ፤ አልጋው ላይ ፍራሽ። እጇን በገመዱ ላይ አሳልፋ ዳበሰችው። ፍራሹ ውስጥ ጥጥ የለም፤ ማንም አልተኛበትም፣ ማንም እንዲተኛበትም አልተሠራም። በግድግዳው ላይ ድምፅ የሚያጫውት ቁልፍ ነበረ፤ አንዲት ጎብኚ ተጫነችው። «ሰፊ ቤት አግኝቼ፣ ወድጄ ወጣሁ» አለ የእትዬ ጥጥ ድምፅ።

«እንዴት ያሉ ጨዋ ሰዎች ነበሩ» አለች ጎብኚዋ ለባሏ። «ቤቱን ለታሪክ ሲሉ በፈቃዳቸው ለቀው።»

እትዬ ጥጥ ገመዱን ለቀቀችና ወጣች። በየቤቱ እየገባች አየች። የፀጉር አስተካካዩ ቤት የቅርሳ ቅርስ ሱቅ ሆኗል፤ የሰዓት ሠሪው ቤት ቢሮ ነው። የሚተኛበት ሰው ያለው ቤት አንድም የለም። በየግድግዳው ግን የጎረቤቶቿ ድምፅ ይናገራል፤ ወድጄ ነው፣ በፈቃዴ ነው፣ ማንም ያስገደደኝ የለም። ራሷ ያስተማረቻቸው ነው፣ ቃል በቃል።

ትንሹን የሰዓት ሠሪው ቤት በነበረው ቢሮ በር ላይ አገኘችው። ወገቡ ላይ የመንገዱ ቤቶች ቁልፍ ተንጠልጥሏል፤ የመንገዱ ኃላፊ ሆኖ ተሹሟል።

«መቼ ነው የምንገባው?» አለችው።

«እታለም፣ በጉዳዩ ላይ ደንብ አለ» አላት፤ ድምፁ የቢሮ ድምፅ ነበር። «ተገዶ የተነሳ ሰው ይመለሳል። በፈቃዱ የለቀቀ ግን መብቱን ትቷል ነው የሚለው። ሁላችሁም ደግሞ በገዛ አንደበታችሁ...»

«ደንቡን ታውቅ ነበር?»

ትንሹ ቁልፎቹን ነካካ።

«እያወቅክ ነው ከእኔ ጋር በየቤቱ የዞርከው? እያወቅክ ነው በጣም ጥሩ ስትል የነበረው?»

«እኔ ማንንም እንዲህ በሉ አላልኩም» አለ። «አንቺ ነሽ ያልሻቸው። የልብስ አጣቢዋንም ስታስጠፊኝ እርግጠኛ ነሽ ወይ ብዬ ጠይቄሽ ነበር። አስታውሺ።»

አስታወሰች። ያኔ ቀና ብሎ ያያት አዝኖላት መስሏት ነበር። ለካ ነገ የሚመልሰውን መልስ ከእሷ አፍ እየተቀበለ ነው። ባጎረስኩ ተነከስኩ የሚባለውን ስትሰማ የኖረች ሴት ናት፤ እንዲህ የሚያም መሆኑን ግን የነገራት ሰው አልነበረም። ደረቷ ውስጥ የሆነ ነገር ተተረተረና ያለውን ሁሉ አፈሰሰው።

«አንቺን ግን አልረሳሁሽም» አለ ትንሹ፣ የተረጋጋች መስሎት። «ቀን ቀን በድሮ ክፍልሽ መስኮት ሥር ቁጭ ብለሽ ፍራሽ ትሰፊያለሽ፤ ጎብኚ ያይሻል። አስፈቅጄልሻለሁ። ማታ ማደር ብቻ ነው የማይቻለው።»

እትዬ ጥጥ ይህን ልጅ በየትኛው ጥጥ ላይ እንዳስተኛችው እያሰበች ነበር።

በዚህ መሃል ከግቢው ውስጥ ድምፅ ተሰማ። ልብስ አጣቢዋ ገንዳው አጠገብ ቆማ፣ ገመዷን በብብቷ ይዛ፣ ግድግዳው ላይ ያለውን ቁልፍ ተጭናዋለች። «ውሃው ስለራቀኝ ወድጄ ነው የወጣሁት፤ ማንም አልነካኝም።» ቀረጻው እዚያ ላይ አላበቃም። ጭብጨባ ተከተለ፤ ከጭብጨባው በኋላ የእትዬ ጥጥ ድምፅ፣ ደስ ያለው፣ የረካ፤ «ጎሽ! እንዲህ ነው እንጂ የእኛ ሰው!» ጎብኚዎቹ ፈገግ አሉ። ፀጉር አስተካካዩ፣ ሰዓት ሠሪው፣ በግቢው ውስጥ የነበሩት የመንገዱ ሰዎች ሁሉ ዞረው እትዬ ጥጥን አዩዋት። ልብስ አጣቢዋ ገመዷን ገንዳው ጠርዝ ላይ አስቀመጠችና በአጠገቧ አልፋ ሄደች፤ ትከሻዋ እንኳ እንዳይነካት ተጠንቅቃ።

እትዬ ጥጥ ተከተለቻት። «እኔም አላወቅኩም» ልትላት ፈለገች፤ ግን እንዲህ ቢባል ማን ያምናል? ወንድሟ ነው፤ መቅረጫውን የያዘው እሱ፣ በሩን ያስከፈተችው እሷ። ሰዉ በየደጃፉ «አደራ» ያላት እሷን እንጂ እሱን አይደለም።

መውጫው በር ላይ ዘበኛው በአክብሮት ተነሳ። ልጅ እግር፣ ለሁሉም ጎብኚ ፈገግ የሚል ዓይነት ነው።

«እማማ፣ ገና መከፈቱ እኮ ነው። ምነው ቶሎ ወጡ?»

መልሱ ምላሷ ላይ ነበር። ፀሐዩ በዛብኝ። ሥራ ትቼ ነው። ሰፊ ቤት አለኝ። የጫማ ሠሪው፣ የሹፌሩ፣ ያ ሎጋ ሰው የቀረ ዕለት የራሷ፣ የመንገዱ ሁሉ መልስ ተሰልፎ ይጠብቃት ነበር። ከበሩ ወዲያ ልብስ አጣቢዋ አውቶቡስ ትጠብቃለች፣ ጀርባዋን ሰጥታ።

«ወድጄ አይደለም» አለች እትዬ ጥጥ። ድምፅዋ ራሷንም አስደነገጣት፤ ሰልፍ የያዙት ጎብኚዎች ዞሩ። «አስወጥተውኝ ነው። ያስወጣኝ ደግሞ ጥጥ ላይ አስተኝቼ ያሳደግኩት ወንድሜ ነው!» አለችና በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ መንገድ ላይ፣ ሰው ፊት፣ ፊቷን ሳትሸፍን አለቀሰች።

ልብስ አጣቢዋ ዞረች። አየቻት።

«ይቺን ቃል እኮ ነበር ያስጠፋሽብኝ» አለቻት፤ አውቶቡሱም መጣና ተሳፈረች።